ማሽኑን አትክፈተው

ማሙሽዬ፣

ይህን ስታነብ እኔ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነኝ። የአያትህ ተዝካር ነገ ነው፤ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። ዛሬ አርብ ስለሆነ ሽሮ ሠርቼላችኋለሁ፣ እንጀራውም አለ። የምጽፍልህ መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ስላሉት እንቁላሎች ነው።

ዛሬ 18ኛ ቀናቸው ነው። የተራ ዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈጅበታል። የእኛዎቹ ግን የድንክ ዶሮ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ይቀድማሉ። ስለዚህ እኔ ሳልመጣ ሊፈለፈሉ ይችላሉ። ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አገላብጫቸዋለሁ፤ ከአሁን በኋላ ማገላበጥ የለም። ጫጩቱ ጭንቅላቱን አየር ወዳለበት ወደ ሰፊው ጫፍ አዙሮ ቦታ እየያዘ ነው።

ማሽናችን ፋን ስላለው ሙቀቱ 37.5 ላይ ይቆይ። እርጥበቱ እስከ ትናንት 50 በመቶ አካባቢ ነበር፣ አሁን ከ65 በላይ አድርጌዋለሁ። ከ60 ከወረደ በጎን ባለችው ቀዳዳ በስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ጨምርበት። ክዳኑን ግን አትንካ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እንቁላል ውሃውን ቶሎ ያጣል፣ ጫጩቱም የሚያገኘው ኦክስጅን ቆላ ካለው ያንሳል። የአየር ቀዳዳዎቹን በሙሉ የከፈትኳቸው ለዚህ ነው። ብርድ ገባ ብለህ እንዳትደፍናቸው።

መጀመሪያ ድምፅ ትሰማለህ። ቅርፊቱ ሳይሰበር ከውስጥ ጪው ጪው ይላል። ቀጥሎ ትንሽ ስንጥቅ ታያለህ። ከዚያ ጸጥ። ለሰዓታት ምንም የለም። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ሞተ ብለህ ታስባለህ፣ እጅህን ይበላሃል። እሱ ግን ሥራ ላይ ነው። በሳንባው መተንፈስ እየለመደ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ ያለውን ደም ወደ ሰውነቱ እየሳበ፣ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ ነው። ልርዳው ብለህ ብትልጥለት ይደማል። ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስኪወጣ 24 ሰዓት ቢፈጅ ምንም አይደለም። ደግሞ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሰጠችው ጠንካራ ጉጥ አለች፤ ከወጣ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ትረግፋለች። የራሱ መሣሪያ አለው።

አንዱ ሲወጣ ሌሎቹ ገና ስንጥቅ ላይ ይሆናሉ። ያኔ ከከፈትክ እርጥበቱ ባንዴ ይወጣል፣ ሽፋኑም ደርቆ ገላቸው ላይ ይጣበቃል። የወጣው ይጠብቅ። ራበው እንዳትል፤ ያስገባው አስኳል እስከ ሁለት ቀን ያቆየዋል። እንቁላሎቹን እየረገጠ ይንከባለላል፣ ተወው።

መብራት ከሄደ አትደንግጥ። ልደታ ነው ያለነው፣ ይሄዳል። ጋቢዬን አልብሰው፣ ቀዳዳዎቹ ግን አይሸፈኑ። ከቆየ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተህ ከማሽኑ ጎን አስጠጋ። ትንሽ መቀዝቀዝን ይችሉታል፤ ቶሎ የሚገድላቸው ከልክ ያለፈ ሙቀት ነው።

ሁሉም ወጥተው ጥጥ እስኪመስሉ ሲደርቁ ወደ ካርቶኑ አዛውራቸው። አምፖሉ ሥር 35 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ተደራርበው ከተጨናነቁ በርዷቸዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ከአምፖሉ ከራቁ ሞቋቸዋል። ከቴርሞሜትሩ ይልቅ እነሱን እመን። ጋዜጣ አታንጥፍ፣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይበላሻል። አሮጌ ፎጣ አስቀምጬልሃለሁ። የውሃው ሳህን ውስጥ ጠጠር ጨምርበት፤ የድንክ ጫጩት በጣም ትንሽ ስለሆነ በትንሽ ውሃም ይሰምጣል።

ጎረቤታችን እትዬ ስለ አውራዎቹ ከጠየቁህ፣ ሲያድጉ ሰበታ አክስትህ ጋ ይሄዳሉ በላቸው። ገና ባልተፈለፈለ ዶሮ ጩኸት እንቅልፍ ያጡ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አባትህን ደግሞ ጠብቀው። «አንዴ ብቻ አይቼ ልዝጋው» ማለቱ አይቀርም። በመስታወቱ ይይ። ፎቶም በመስታወቱ አንስተህ ላክልኝ።

እናትህ