እማዬ፣ ውሃ ለማይያዝበት ሸክላ ዶላር ለምን እንደማወጣ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? መድኃኒቱን ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ። እኔ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራውም አለ።

ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሸክላዎች አይተሽ ዋጋቸውን ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ ማውራት አልተቻለም። «ውሃ አይቀዳበት፣ ወጥ አይሠራበት፣ ለገል ዶላር ትከሰክሳለህ?» አልሽ። አንቺን ደግሞ በስልክ የሚረታ ሰው የለም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። እህቴ ታንብብልሽ፣ መሀል ላይ እንዳታቋርጫት ብቻ።

ሸክላዎቹ ከሜክሲኮ ናቸው። ቺዋዋ በሚባለው ክፍለ ሀገር ማታ ኦርቲስ የምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ ነው የሚሠሩት። እኔ ከፊኒክስ ተነስቼ ጭነት ይዤ ወደ ቴክሳስ ስመላለስ መንገዴ ላይ ደሚንግ የምትባል የኒው ሜክሲኮ ከተማ አለች። ነዳጅ ሞልቼ፣ ቡና ገዝቼ ዝም ብዬ የማልፋት ከተማ ነበረች። አብሮኝ የሚሠራ የቺዋዋ ልጅ ነው «እዚህ ምን እንደተገኘ ታውቃለህ?» ብሎ ነገሩን የጀመረልኝ።

በፈረንጅ 1976 ነው። ስፔንሰር ማክካለም የሚባል አንትሮፖሎጂ የተማረ አሜሪካዊ ደሚንግ ውስጥ አንድ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ይገባና ሦስት ሸክላዎች ያያል። በጣም ያምራሉ፣ ግን የሠሪ ስም የለባቸውም። ገዛቸው፣ ፎቶ አነሳቸው፣ ከዚያ ፎቶውን ይዞ ሠሪውን ፍለጋ ድንበር ተሻገረ። ከመንደር መንደር «ይሄን ማን ነው የሠራው?» እያለ ሲጠይቅ ማታ ኦርቲስ ደረሰና ሁዋን ኬሳዳ የሚባል ሰው ቤት ወሰዱት። እማዬ፣ እስቲ አስቢው፣ የድስት ሠሪ ፍለጋ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው እኛ ዘንድ ቢመጣ ምን እንለዋለን? እብድ ነው የምንለው።

ሁዋን በ1940 የተወለደ የድሃ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ በአህያ እንጨት ሊለቅም ተራራ ሲወጣ የተቀባ ገል ያገኝ ነበር። አገሩ በገል የተሞላ ነው፣ ምክንያቱም ከመንደሩ ብዙም ሳይርቅ ፓኪሜ የሚባል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። በ1200ዎቹና በ1300ዎቹ ደምቆ የኖረ፣ ቤቱ በጭቃ የተሠራና ፎቅ ያለው፣ ውሃ በቦይ የሚገባለት፣ ማካው የምትባለዋን ትልቅ በቀቀን የሚያረቡበት ከተማ ነበር (አዎ፣ ወፍ፣ ላባዋ ውድ ነበረ)። ዩኔስኮ በ1998 መዝግቦታል። የዚያ ከተማ ሰዎች ነጣ ባለ ሸክላ ላይ በጥቁርና በቀይ ወፉን፣ እባቡን፣ ደረጃ የመሰለውን መስመር ይስሉ ነበር። ወደ 1450 ገደማ ከተማው ጠፋ። ሙያውም አብሮ ጠፋ። ገሉ ግን መሬት ላይ ቀረ።

ሁዋን ማንን ይጠይቅ? መንደሩ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሸክላ የሚሠራ ሰው የለም። ሥልጠና የለ፣ ፕሮጀክት የለ። አፈር እየቆፈረ ብቻውን ሞከረ። ሲደርቅ ይሰነጠቅበታል፣ ሲተኮስ ይፈነዳበታል። ዓመታት ፈጀበት። መልሱን የሰጠው ያው ገሉ ነው። የተሰበረውን ጠርዝ ቀረብ አድርጎ ሲያየው ጭቃው ውስጥ አሸዋ አለ። ለካ የጥንቶቹ ሰዎች ጭቃውን በአሸዋ ይደባልቁት ነበር! ቀለሙንም እንዲሁ ከተራራው ድንጋይና አፈር እየፈጨ አገኘው፣ ጥቁሩን ከማንጋኒዝ፣ ቀዩን ብረት ካለበት አፈር። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። አምስት መቶ ዓመት የሞተ ሙያ አስተማሪ ሳይኖር ከስባሪ ተነስቶ ሲመለስ የት አይተሻል?

ማክካለም ሲያገኘው ለዓመታት በየወሩ ገንዘብ እየከፈለው፣ ለገበያ ሳይሆን ጥሩ አድርጎ እንዲሠራ ብቻ ጊዜ ሰጠው። ሁዋን ደግሞ ሙያውን አልደበቀም። ለወንድሞቹ፣ ለእህቶቹ፣ ለጎረቤቶቹ አስተማረ። እህቱ ሊዲያ በጥቁር ላይ ጥቁር በምትሠራው ሸክላ እሷም ስሟ የታወቀ ነው። መንደሯ የባቡር ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ በኋላ ሥራ ፈት ሆና የቀረች ነበረች። ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሸክላ ይኖራሉ፣ ወንዱም ሴቱም። ሁዋን በ1999 የሜክሲኮን ብሔራዊ የሳይንስና የኪነጥበብ ሽልማት ተቀበለ። በ2022 ነው ያረፈው።

ጓደኛዬ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሱቅ ፈልጌ ነበር፣ እዚያ ግን ሰው ቤት ነው የሚገባው። በሩ ክፍት ነው፣ ሸክላው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፣ ከጎኑ የልጆች ደብተር አለ። አንዲት ሴትዮ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሸክላውን ጨርቅ አንጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትስል ነበር። ብሩሹን አሳየችኝ። ከሴት ልጇ ፀጉር የተቆረጠች ጥቂት ዘለላ፣ እንጨት ላይ በክር የታሰረች፣ ያቺ ናት በቃ። ቀለም ነክራ ፀጉሯን ሸክላው ላይ አስተኛችና ቀስ እያለች ጎተተቻት። መስመሩ የሸክላውን ሆድ ዞሮ እስኪያልቅ ትንፋሿን የያዘች ይመስለኛል፣ እኔም ይዤ ነበር። እርሳስ የለም፣ ማስመሪያ የለም። ከተሳሳተችስ? ሳቀችብኝ።

አሠራሩ ለአንቺ እንግዳ አይሆንም፣ የሚሽከረከር መሣሪያ አይጠቀሙም። ጭቃውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው በጨርቅ ያጠሉታል። የታችኛውን ክፍል እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው ጎድጓዳ ቅርጽ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ከዚያ አንድ ወፍራም የጭቃ ገመድ ጠቅልለው ዙሪያውን ያያይዙና በጣታቸው እየቆነጠጡ ግድግዳውን ወደ ላይ ያወጡታል። በብረት መጋዝ ስለት እየፋቁ ያሳሱታል፣ ሲደርቅ በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሱታል፣ ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ያሹታል። የሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ ተቀብቶ መስሎኝ ነበር። ድንጋይ ነው።

አተኳኮሱን ብታዪ ደግሞ ደስ ይልሽ ነበር። ጓሮ ውስጥ ነው። ሸክላውን መሬት ላይ ያስቀምጡና ትልቅ ዕቃ ይደፉበታል፣ ዙሪያውን ኩበት ወይም የዛፍ ቅርፊት ይከምሩና ይለኩሱታል። ኩበት እማዬ! ሽታው ሲመጣ አያቴ ጓሮ የገባሁ መሰለኝ። ጥቁር እንዲሆን ሲፈልጉ አየር እንዳይገባ ያፍኑታል፣ ጭሱ ራሱ ያጠቁረዋል። የወር ድካም እዚያች እሳት ውስጥ ጧ ብሎ ሊቀር ይችላል። ሰውየው እሳቱን ለኩሶ ዞር አለና ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ፣ ዓይኑ ግን ከጭሱ አልተነሳም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ልክ ነሽ፣ ውሃ አይያዝበትም። በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚተኮስና እኛ ምጣድና ጀበና እንደምናሟሸው ስለማይሟሽ ውሃው ያልበዋል፣ ቀለሙም ይበላሻል። ለማየት የተሠራ ነው። አንቺም እኮ ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው የስፌት ሞሰብ እንጀራ ቀርቦበት አያውቅም።

ዋጋውም እንደ ሠሪው ነው። ተማሪ የሠራው በ20 ዶላር ይገኛል፣ የታላላቆቹ ሺዎች ያወጣል። እኔ ሺዎቹ ጋ አልደርስም፣ አትስጊ። ስገዛ መጀመሪያ አነሳዋለሁ። መጠኑን አይተሽ የጠበቅሽውን ያህል ካልከበደ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጥሩ ነው። አፉን ዓይኔ ፊት አድርጌ አዞረዋለሁ፣ ጎበጥ ካለ ያስታውቃል። ከዚያ መስመሩን ሰው ከማያይበት በኩል አያለሁ፣ ሰነፍ ሠሪ ፊቱን አሳምሮ ከኋላ ይቸኩላል። በመጨረሻ ገልብጬ ቂጡን አያለሁ፣ ስሙ እዚያ ነው።

ስሙ እንዲሁ ለጌጥ አይደለም። ድሮ ስም ባልነበረበት ጊዜ አንዳንድ ነጋዴዎች የማታ ኦርቲስን ሸክላ «ከመቃብር የወጣ ጥንታዊ ነው» እያሉ ይሸጡት ነበር። ሠሪው ሳንቲም፣ እነሱ ብዙ ብር። ስም ሲጻፍበት ያ ጨዋታ አበቃ። አሁን ሰው ሸክላውን ገልብጦ «ይሄ የእገሌ ልጅ ነው፣ አክስቱን አውቃታለሁ» ይላል። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን እዚያ የሚያኮራ ነገር ነው።

እኛስ? የምትጠጪበትን ጀበና ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ? ከቅዳሜ ገበያ ነው የገዛሽው፣ ሠሪዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፣ አንቺም እንደ ልማድሽ ዋጋውን በግማሽ አወረድሽባት። ልጅ ሆነን ከጎንደር አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ሲያልፉ «ቡዳ ናቸው፣ እንዳይበሏችሁ ግቡ» እንባል ነበር። ማን ነው ያለን የሚለውን ልተወው። ቤተ እስራኤሎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፣ ሙያውን እዚያው የቀሩና የለመዱ ሴቶች ያዙት። እኛ ግን በእጃቸው በሠሩት ድስት ወጥ እየበላን፣ በጀበናቸው ቡና እየጠጣን የአንዳቸውንም ስም ሳናውቅ አደግን። ይሄ ነገር ማታ ኦርቲስ ከሄድኩ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። አንቺን ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም ብሆን ጠይቄ አላውቅም።

በሚቀጥለው ወር ጎረቤቴ ወደ ጎንደር ትመጣለች፣ አንድ ትንሽ ሸክላ በሹራብ ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ። ጥቁር ነው፣ ወፍ አለበት። ውሃ እንዳትነኪው፣ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ብቻ። ዕጣን እንዳታጨሺበት፣ ልጆቹም እንዳይደርሱበት ቴሌቪዥኑ አጠገብ አታስቀምጪው።

በምትኩ አንድ ነገር ላኪልኝ። ጀበና እፈልጋለሁ፣ ትልቅ አይሁን፣ አምስት ስኒ የሚቀዳ ይበቃል። እህቴ ከገበያ ሳይሆን ወለቃ ሄዳ ከሠሪዋ እጅ ትግዛልኝ። ስሟን ትጠይቃትና ጭቃው ሳይደርቅ ቂጡ ላይ በስንጥር እንድትጽፍበት ትንገራት፣ ካልጻፈች ደግሞ እህቴ ትጻፍላት። ከመተኮሱ በፊት መሆን ስላለበት ሁለቴ መመላለስ ይኖርባታል፣ የታክሲውን እኔ እልካለሁ። ዋጋውን ሴትዮዋ የጠራችውን ትክፈል። አንቺ አብረሻት እንዳትሄጂ፣ ትከራከሪያታለሽ።

ልጅሽ፣ ከፊኒክስ