ምንጣፍ ላነጠፋችሁ፣ ውኃ ላደረሳችሁ፣ ገመድ ለያዛችሁ፦ የጥምቀት ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለተከበራችሁ የበዓሉ አገልጋዮች፣ በያላችሁበት፤

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ። ታቦታቱ በከተራ በክብር ወጥተው በክብር ወደ መንበራቸው ተመልሰዋል፤ ቅዱስ ሚካኤልም እንደ ሥርዓቱ ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ገብቷል። ካህናቱንና መዘምራኑን ሁሉም አይቷል፣ ሁሉም አመስግኗል። ይህ ደብዳቤ ካሜራ ላልዞረባችሁ ነው። ስም ዘርዝረን አንጨርሰውም፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መርሳት ደግሞ ጭራሽ ካለማመስገን ይብሳል። ስለዚህ በሥራችሁ እንጠራችኋለን።

መጀመሪያ ምንጣፍ ያነጠፋችሁ ልጆች። ከሩቅ ለሚያያችሁ ሥራችሁ ሩጫ ብቻ ይመስላል። ታቦቱ ያለፈበት ምንጣፍ ከኋላ ይጠቀለላል፣ በአራት በአምስት ትከሻ ይነሣል፣ በሕዝቡ ዳር ዳር ተሮጦ ከፊት ይዘረጋል። ከኋላ የነበረው የፊት ይሆናል፤ ጥቂት ቆይቶ ያው የፊቱ ተመልሶ የኋላ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የሚያለብሱት ጥቂት ጥቅሎች ናቸው። «ኋለኞች ፊተኞች፣ ፊተኞችም ኋለኞች ይሆናሉ» የሚለውን (ማቴ. 20፥16) ለልጅ ማስረዳት የቸገረው መምህር አንድ ቀን ከእናንተ ጋር ይሩጥ።

የሥራው ቁም ነገር ግን አጠቃለሉ ላይ ነው። ምንጣፉ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ ከተጠቀለለና ጫፉ ከሥር ከተቀመጠ አንድ ግፊት ይበቃዋል፤ ራሱን ዘርግቶ ፊቱን ወደ ሰማይ ያደርጋል። ፊቱ ወደ ውጭ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ በግንባሩ ይደፋል፤ ታቦት ቆሞ እየጠበቀ ምንጣፍ መገልበጥ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቃል። ጠጠር ይዞ የተጠቀለለ ጥቅል አንድ ወገኑ ያብጥና ሲለቀቅ ወደ ጎን ይሄዳል። ስለዚህ ከመጠቅለል በፊት በመጥረጊያ አንድ ጊዜ ጠረግ ማድረግ ግድ ነው። ጠበል ወይም ዝናብ የነካው ምንጣፍ እጅግ ይከብዳል፤ በአራት ሰው ይነሣ የነበረው ስድስት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ደግሞ በገሃድ ጾም፣ በባዶ ሆድ ነው የምትሠሩት።

ከሁላችሁም መካከል አንድ ልጅ አለ፣ ስለ እርሱ ቆም ብለን ልንናገር እንወዳለን። ሁለት ምንጣፎች በሚገናኙበት ቦታ የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው ሥር መግባት አለበት። ከላይ ከተቀመጠ የሚራመደው ሰው ጣት ጫፉን ይይዘውና ይጠለፋል፤ የሚራመደው ደግሞ በራሱ ላይ ታቦት የተሸከመ፣ እግሩን ማየት የማይችል ካህን ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ተንበርክኮ የተነጠፈውን ጫፍ ያነሣል፣ አዲሱን አንድ ክንድ ያህል ወደ ሥር ያስገባል፣ በመዳፉ ያስተካክላል፣ ካህኑ ሳይደርስ ተነሥቶ ይሸሻል። ሥራው መልካም ከሆነ ማንም እርሱ እዚያ እንደነበር አያውቅም። መጥምቁ ዮሐንስ «እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል» ያለውን (ዮሐ. 3፥30) በበዓሉ ቀን በጉልበቱ የሚያነብ ይህ ልጅ ነው።

ውኃ ያደረሳችሁ፤ ከተራ ማለት መከተር፣ መገደብ ነው። ወንዝ ባለበት አገር ውኃው በድንጋይና በጭቃ ተገድቦ ይጠብቃል፤ ጎንደር ላይ የቀሃ ወንዝ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይሳባል። ወንዝ በሌለበት ሰፈር ግን ከተራ ማለት እናንተ ናችሁ፦ ቦቴ የነዳችሁ፣ ሮቶ ያጠባችሁ፣ ቱቦ የዘረጋችሁ። የከረመ ሮቶ ከሥሩ አተላ ይይዛል። ሳይታጠብ ውኃ ከተሞላበት አተላው ይነሣና የመርጫውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የሚደፈነውም ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ በቆመበት ሰዓት ነው። ፓምፑ ጉልበት ካለው ውኃውን በቀጥታ ወደ ሰው መልቀቅ የሕፃንና የሽማግሌ ዓይን ይጎዳል። ወደ ላይ ተለቅቆ እንደ ካፊያ ሲወርድ ለብዙ ሰው ይደርሳል፣ ማንንም አያቆስልም። ዘንድሮ መርጫውን በአንድ ቦታ ሳይሆን በተራራቁ ቦታዎች ማድረጋችሁ ደግሞ ትልቁን ግፊያ አስቀርቶልናል፤ ሰው የሚጋፋው ጠበሉ የሚያልቅበት ሲመስለው ነው።

በቃናው ሰርግ ስድስት የድንጋይ ጋኖች እንደነበሩ፣ እያንዳንዳቸውም ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዙ እንደነበር ወንጌሉ ይነግረናል። በዛሬው ልክ ቢሰላ ሁሉም አንድ ላይ ከ470 እስከ 700 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ባለ ሺህ ሊትር ሮቶ እንኳ አይሞላም። ያ ውኃ ግን እንደ ቧንቧ ውኃ አልፈሰሰም፣ ተቀድቶ ነው የመጣ። አሳዳሪው የወይን ጠጁ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ «ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር» ይላል (ዮሐ. 2፥9)። ተአምሩን ከሙሽራው ቀድሞ ያወቀው ትከሻው የደከመው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቱቦ ይዛችሁ የቆማችሁ፣ ይህች ጥቅስ የእናንተ ናት።

ገመድ የያዛችሁ፣ ከእናንተ የተማርነው አጭር ነው፦ ገመድ በወገብ ልክ ይያዛል፣ በእጅ ላይ ግን በፍጹም አይጠመጠምም። ሕዝብ ሲገፋ የተጠመጠመ ገመድ ጣት ይሰብራል። የሚለቅበትን ጊዜ የሚያውቅ ነው አጥብቆ መያዝ የሚችለው።

የጠፉ ልጆችን የተቀበላችሁ እኅቶች፣ የእናንተን ሥራ ልዩ የሚያደርገው ጥበቡ ነው። ልጅ በበዓል የሚጠፋው ችላ በሚሉት ወላጆች እጅ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ብዙ ዘመድ ባለበት ነው፤ እናት ከአክስቱ ጋር ነው ትላለች፣ አክስት ከአባቱ ጋር። ሉቃስ 2፥44 ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ከመንገደኞች ጋር ያለ ስለመሰላቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍ ላይ የደረሰውን በሌላው እናት ላይ እንደ ነውር የምናወራ ሰዎች ብንተወው ጥሩ ነው። እናንተ በድምፅ ማጉያ የልጁን ልብስ ቀለምና ግምት ዕድሜውን ብቻ አስነገራችሁ፤ ስሙን አልተናገራችሁም። ስሙን መናገር ያለበት ሊወስደው የመጣው ሰው ነውና። ልጁም ሰውየውን ሲያይ የሚሮጠው ወደ እርሱ ይሁን ወይስ ወደ እናንተ ቀሚስ፣ ያንንም ሳታዩ አልሰጣችሁም። ለሚመጣው ዓመት ወላጆች በልጁ ኪስ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይክተቱ፤ ጠበል ስለሚያረጥበው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ።

አሁን ትንሽ ከባድ ወደሆነው እንግባ። ርብራብ የሠራችሁ አናጺዎች ምስጋናችሁ ከሁሉ ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ ምክንያቱም የእናንተ ሥራ ያማረ ዕለት ምንም አይሆንም። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ 40 ቀን ገደማ ቢሆነው፣ ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ ሰው የተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ያን ሰሞን በየስልኩ «ይህ ቁጣ ነው» የሚል መልእክት ሲዘዋወር የነበረውን እናስታውሳለን። ጌታ ግን እንዲህ ያለውን ዜና ሰዎች ይዘውለት በመጡ ጊዜ ያለው ተጽፏል። ወሬውን ካመጡለት በኋላ እርሱ ራሱ ሌላ ዜና ጨመረበት፦ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው አሥራ ስምንት ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሉአችኋልን? አይደለም ብሎ ራሱ መለሰ (ሉቃ. 13፥4-5)። ንስሐውንም ለሞቱት ሳይሆን ለሚሰሙት ነው ያዘዘው።

ለሚሰሙት ደግሞ ሌላ ቃል አለ፣ በዘዳግም 22፥8፦ አዲስ ቤት ስትሠራ ማንም ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን በጣራህ ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። የእግዚአብሔር ሕግ ስለ እንጨትና ሚስማር ይናገራል ማለት ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው፦ አሥር ካሬ ሜትር ርብራብ ላይ ሰው ተጠጋግቶ ሲቆም 40 ሰው ይሞላል፤ በአማካይ 65 ኪሎ ብንይዝ 26 ኩንታል ነው። 26 ኩንታል ጤፍ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሰው ግን ያጨበጭባል፣ ይወዛወዛል፣ ታቦቱ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይነሣል። ስለዚህ ርብራብ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ወደ ታች ሰምጦ ሳይሆን ወደ ጎን ተዘንብሎ ነው። ቋሚ አጠና ቢበዛ አያድነውም፤ የሚያድነው በሰያፍ የተመታው ማጠንከሪያ ነው። የየቋሚው እግር ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ጠበል የፈሰሰበት መሬት እግሩን ይውጠዋልና። የሚወጣውን የሚቆጥር፣ «ሞልቷል» ለማለት የማያፍር ሰው ደረጃው ሥር ይቁም። ዘንድሮ «ሞልቷል» ብለው አንድ ትልቅ ሰው የመለሱ ወንድማችን ቅር የተሰኘባቸው አለ፤ እኛ ግን እናመሰግናቸዋለን።

ከዜና ላይ ትምህርት መልቀም ልማዳችን ስለሆነ አንድ የሳተ ምሳሌ እናንሣ። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ተራ ገበያ የአዲስ አበባ ጥምቀት ወደሚከበርበት ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር፤ ለ2013 ጥምቀት ተነሥቶ ሜዳው ጸዳ። ያን ጊዜ «የአባቴን ቤት የንግድ ቤት አታድርጉት» የሚለውን ጥቅስ ያልመዘዘ ሰባኪ ጥቂት ነው። ነገር ግን ቲማቲም ሻጮቹ በራሳቸው ድፍረት አልገቡበትም፤ ሰው እንዳይተፋፈግ ተብሎ ሰፊ ሜዳ ተሰጥቷቸው ነው። ጥቅሱ እውነት ነው፣ ቦታው ግን የእርሱ አልነበረም። ይልቅ በዚያ ክረምት ጭቃ ውስጥ ቆመው ከተማውን ያበሉትን ማመስገን ይቀድም ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን እነሆ።

የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎች ሆይ፣ ሰው ሲወድቅ ፊታችሁን ወደ ውጭ አዙራችሁ ክብ የሠራችሁት ትክክል ነበር። ወደ ወደቀው የሚያዩ ብዙዎች አየር ይነሡታል፤ ወደ ሕዝቡ የሚያዩ ጥቂቶች ይበቁታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ የመሬት ናዳ የቀበራቸውን ጎረቤቶች ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው፤ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ስለሚሰጥ የተነገረው ቃል (ዮሐ. 15፥13) ለእነርሱ ነው፣ ማንም አይቀንስባቸውም። ለቀረነው ደግሞ ነህምያ ምዕራፍ 4 አለ፦ እኩሌቶቹ ይሠሩ ነበር፣ እኩሌቶቹ ጦር ይዘው ይጠብቁ ነበር። ተራራ ሥር የሚቆፍር ካለ፣ ሥራው ተራራውን ማየት ብቻ የሆነ አንድ ሰው ይኑር።

እናቶቻችን፣ ንፍሮውን ትኩሱን በፌስታል አናስርም ብላችሁ ሰፌድ ላይ አቀዝቅዛችሁ በማከፋፈላችሁ እስከ ንጋት ሳይኮመጥጥ አደረ። ለዚህ ጥቅስ አንፈልግለትም፤ ንፍሮው ጥሩ ነበር።

ሜዳውን ያጸዳችሁ፣ «አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ የተረፈውን ቍርስራሽ አከማቹ» (ዮሐ. 6፥12) የተባለው አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ነው፤ በዓሉ ካለቀ በኋላ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። የውኃ ኮዳውን ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ረግጣችሁ በጆንያ መክተታችሁ ጆንያውን ብዙ እጥፍ አስያዘው። ዳቦውን ከፌስታል ለይታችሁ ለነዳያን ያደረሳችሁት ደግሞ በዚያው ማታ ነው፣ ሳይሻግት።

የቀሩ ጥቃቅን ጉዳዮች። ሦስት ምንጣፎች ገና እርጥብ ናቸው፤ ርጥቡን ጠቅልለን ካስቀመጥነው እስከ ከርሞ ይሻግታል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አጥር ላይ እናሰጣለን፣ እጅ ያላችሁ ኑ። ሰፌድና ጎድጓዳ ሳህን ያልወሰዳችሁ እናቶች ዕቃችሁ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አለ። ክዳኑ የጠፋበት ሰማያዊ ባልዲ የማን እንደሆነ አልታወቀም።

የበዓሉ አስተባባሪዎች