ለሽያጭ የሚዘጋጅ ቤት ከቀለሙ በፊት ጣሪያው ይታይ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከደላሎች የሚሰማው ምክር ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ጂፕሰም ኮርኒስ አሠራ፣ ወለሉን ሴራሚክ አልብስ፣ ግድግዳውን ኳርትዝ አስቀባ ይባላል። ይህ ምክር ለጅማ ቤቶች፣ በተለይም በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው በሲሚንቶ ለተለሰኑት የድሮ ቤቶች፣ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶ ጥቂት የሚመልስ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በራሳችን ቤት የደረሰውን ለአንባቢዎቻችሁ ልጽፍ ወደድሁ።

እናታችን ጉልበታቸው ስለደከመ አዲስ አበባ ከምትኖረው እህቴ ጋር ሲጠቃለሉ፣ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ያለውን ባለ ሦስት ክፍል ቤታቸውን እንድንሸጥላቸው አደራ ሰጡን። ወቅቱ ነሐሴ ነበር። ደላላው ገዢ ቶሎ እንዲመጣ ሳሎኑን እንድናስቀባ መከረን፤ እኛም ከመስኮቱ ሥር ያለውን እርጥበት ምን እንዳመጣው ሳንጠይቅ፣ በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ፕላስቲክ ቀለም አስቀባንበት። ወር ሳይሞላው ቀለሙ ውሃ ቋጥሮ ተነፋ። ቤቱን ሊያዩ ከባለቤታቸው ጋር የመጡ አንድ አዛውንት ሌላውን ሳያዩ ቀጥታ ወደዚያ ግድግዳ ሄዱና በጥፍራቸው ጫር ቢያደርጉት፣ መዳፍ የሚያህል ቀለም ተገሽልጦ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ወጣ። «ልጄ፣ ሌላስ ምን ሸፍናችኋል?» አሉኝ። ሌላ የሸፈንነው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ይህን ብናገር የሚያምነኝ እንደሌለ ገባኝና ዝም አልሁ።

ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ኮርኒሱ ላይና የግድግዳው እግር ላይ ነው። የእኛ ቤት ችግርም ከውጭ ነበር የመጣው። በጓሮ በኩል ያለው አሸንዳ ዝጎ ስለተበሳ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ ከግድግዳው ሥር እየተረጨ ልስኑን ያረጥበዋል፤ በጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ ደግሞ የገባበትን እርጥበት በቀላሉ ስለማያስወጣ፣ ጭቃው ከውስጥ ይበሰብሳል። አንድ የሰፈራችን ግንበኛ አይተው እንደነገሩን፣ አሸንዳውን ቀየርን፣ የላሉትን የቆርቆሮ ምስማሮች ጎማ ባላቸው ተካን፣ በቤቱ ዙሪያ ውሃውን ወደ መንገዱ የሚወስድ ቦይ አስቆፈርን። የተበላሸውን ልስን አራግፈን ግድግዳው እስኪደርቅ ከአንድ ወር በላይ ከጠበቅን በኋላ፣ ጭድ ባለው ጭቃ አስመርገን ኖራ አስቀባነው። ኖራ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የመረጥነው፤ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለጂፕሰም ኮርኒስ ብቻ ከተጠየቅነው ዋጋ ሩቡን እንኳ አልሞላም።

የውስጡ ዝግጅት ከገንዘብ ይልቅ ጉልበትና ቆራጥነት የሚጠይቅ ነው። በሳሎኑ አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የያዘው ቡፌና ከሶፋዎቹ ግማሹ ወደ ዘመድ ቤት ሲሄዱ፣ ክፍሉ ሰፊ መሆኑን እዚያው ያደግነው እንኳ ያን ጊዜ ነው ያየነው። በመኝታ ቤቱ ጥግ ለዓመታት የተደረደሩትን የጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) ጆንያዎችም አወጣን፤ ጠረኑን እኛ የለመድነው ቢሆንም፣ እንግዳ ሰው ክፍሉን እንደ መጋዘን እንዲያየው ያደርግ ነበር። ወፍራሞቹን መጋረጃዎች አውርደን መስኮቶቹን አጠብን፤ የማጀቱን ጥላሸት በሳሙና ፈግፍገን፣ ከጣሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ተካን። በባዶው ሳሎን ውስጥ የቀሩት ሁለቱ የእናታችን የጅማ በርጩማዎች፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ፣ ከቡፌው ይልቅ ቤቱን አስጊጠውት ነበር።

ሽታን በዕጣን መሸፈን የሚመክሩ ሰዎች አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ዕጣንም እንደ ቀለሙ መሸፈኛ ሲሆን ገዢውን ያስጠረጥራል። ይልቅ ሽንት ቤቱን አጽድቶ ክዳን ማበጀትና ጠዋት ጠዋት መስኮት መክፈት ይበቃል። ለመጣ ሰው ቡና ማፍላት ግን የእንግዳ አቀባበል ወግ ስለሆነ የሚቀር አይደለም።

ወረቀቱም ከቤቱ ጋር አብሮ መዘጋጀት አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ስለሚያዝ፣ ካርታውን፣ የሻጩን ውክልናና የተከፈሉ የመብራትና የውሃ ደረሰኞች አስቀድሞ በአንድ ማኅደር መያዝ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ቤቱን በጥር ወር የገዙን ሰዎች ሲመጡ፣ እርጥበት የነበረበትን ቦታ እኔው ራሴ አሳየኋቸው፤ ወደ ጓሮ ወስጄም አዲሱን አሸንዳና ቦዩን አስጎበኘኋቸው። በዋጋ ስንከራከር በሌላ ነገር ተከራከሩ እንጂ ያንን ግድግዳ አላነሡም።

የጋዜጣችሁ የቤት አምድ እስካሁን ያስነበበን በአብዛኛው ስለ አዲስ አበባ አፓርትመንትና ኮንዶሚኒየም ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው ከተሞች የጭቃ ቤት አያያዝ የሚያውቁ ግንበኞችን አነጋግራችሁ፣ ከክረምቱ በፊት አንድ ሰፋ ያለ ጽሑፍ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከጅማ