የናቴ ቧንቧና የቆርቆሮ ባልዲው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ ወይ? እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ አሁን ዴንቨር የምኖር ሰው ነኝ፣ ዘንድሮ ለጥምቀት መጥቼ ሦስት ሳምንት እናቴ ጋ ቆየሁና ያየሁትን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ውሃ ከጠፋ አስረኛ ቀናችን ነበር። እማ ማታ ስትተኛ ቧንቧውን ከፍታ ከስሩ የቆርቆሮ ባልዲ ትደፋለች፣ ለምን ስላት "ሲመጣ እንዲቀሰቅሰኝ ነዋ" አለችኝ። እውነትም አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ ፉፉፉ ብሎ አየር ተፋ ከዛ ባልዲውን ይደበድበው ጀመር፣ ቤቱ ሁሉ ተነሳ፣ ቢጫ ጀሪካን በረንዳው ላይ ተደረደረ፣ የጎረቤት በር እየተንኳኳ "መጥቷል ተነሱ!" ይባላል፣ የሚገርመው ደሞ ሰው በዛ ሌሊት ይስቃል። እኔ ዴንቨር የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቀውም።

ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ነው ሲባል ስንሰማ ነው ያደግነው፣ ከተማውም ሰፍቷል፣ ምክንያቱ አይጠፋኝም። ግን የፈረቃውን ቀን በትክክል መናገር ምን ያስከፍላል? የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ ተሞልቶ ወጣቱ እየዘለለ ሲገባበት ቆሜ አይቼ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ፣ ቤት ስገባ ግን እግሬን የምታጠብበት አልነበረም።

ባጃጆቹ ደሞ! ጫማዬን አይተው ነው መሰለኝ እጥፍ ይጠሩብኛል፣ እማ "አንተ ዝም በል" ብላ ታስቀንስልኛለች። ይሄስ ቀላል ነው።

ትናንት ደውዬ "መጣ ወይ?" ስላት "ቆይ፣ ባልዲው የተንኳኳ መሰለኝ" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

የጎንደር ልጅ፣ ከዴንቨር