ናፍጣ ባፈሰሰ ቁጥር ፖምፕ አይወርድም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በናፍጣ ፖምፕና ኖዝል ጥገና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን፤ ፖምፑ ናፍጣውን በግፊት ይልካል፣ ኖዝሉ ደግሞ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይረጨዋል። አሮጌ ፒክአፕ ናፍጣ ማፍሰስ ሲጀምር በብዙ ጋራዥ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት የሚሰጥ ፍርድ አለ፦ «ፖምፑ ወርዶ ይሠራ»። ባለንብረቱም ይስማማል፤ ምን ያድርግ፣ መሬቱ ላይ ጠብታ እያየ ነው። ፖምፕ ማውረድ ግን ውድ ከመሆኑም በላይ ደህና የነበረውን ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበትን ጊዜ) ያስነካል። የሚያፈሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት ሮንደላ (የመጋጠሚያ ቀለበት) ወይም የደረቀች የጎማ ቱቦ ሆና ትገኛለች። ቅሬታችን ይኸው ነው፤ ሳይመረመር አይፈታ።

የምናነሳው ከተማውንም ገጠሩንም የሞላውን አሮጌውን ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ባለ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሩን፣ ማለትም 2.4፣ 2.8 እና 3.0 ሊትሩን። ፖምፑ በታይሚንግ ቺንጋ የሚዞር ሜካኒካል ፖምፕ ነው፤ ታንክ ውስጥ ሌላ ገፊ ፖምፕ የለውም። ይህቺን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ጠብታው የወደቀበት ቦታ ስለ ምንጩ ብዙ አይናገርም። ናፍጣ ቀጭን ነው፤ ላይ ከኖዝል መላሽ ቧንቧ (ትርፉን ናፍጣ ወደ ታንክ ከሚመልሰው) ተነስቶ በፖምፑ ገላ ላይ ወርዶ ከሥር ሲንጠባጠብ ፖምፑ ያፈሰሰ ይመስላል። የፋኑ ንፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከጽዳት ነው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ፖምፑን፣ ፊልትሮውንና ቧንቧዎቹን በብሩሽና በሳሙና አጥቦ በጨርቅና በኮምፕረሰር ማድረቅ። በሞቀ ፖምፕ ላይ የግፊት ውሃ አይለቀቅ፤ ውስጡ ያሉት ክፍሎች እጅግ በጠበበ ክፍተት የተገጣጠሙ ስለሆኑ ድንገት ሲቀዘቅዙ ሊጣበቁ ይችላሉ። (የቦሎ ምርመራ ሲደርስ ሞተር አሳጥቦ መሄድ ልማድ ሆኗል፤ ፍሳሹ ለጥቂት ቀን ይደበቃል እንጂ አይቆምም።)

ከደረቀ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ በየመጋጠሚያው ላይ ሶፍት ጠቅልሎ ማሰር ነው፤ ከቺንጋና ከፋን ግን ይራቅ። ሞተሩን አስነስቶ 10 ደቂቃ ነዳጅ ሳይሰጥ (በሚኒሞ)፣ 2 ደቂቃ ያህል ደግሞ በ2,000 ዙር ማሠራት፣ ከዚያ አጥፍቶ ከላይ ወደ ታች ማየት። ምንጩ ከሁሉም ከፍ ብሎ የረጠበው ሶፍት ያለበት ነው። ፈሳሹ ናፍጣ መሆኑም ይረጋገጥ፤ በዚህ ሞተር ዲናሞ ጀርባ ያለው የፍሬን ቫኩም ፖምፕ ዘይት የሚወስድ ቱቦ ስላለው እሱ ሲያፈስ ናፍጣ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሶፍት ላይ ናፍጣ ቶሎ ይሰፋል፣ ሽታውም ይለያል፤ ዘይት ወፍሮና ጠቁሮ ይቀራል። መጠኑን ማወቅ ለሚፈልግ፣ በሰከንድ አንድ ጠብታ ማለት በሰዓት ወደ 180 ሚሊ ሊትር ነው፤ መኪናው በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ሊትር ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው።

አሁን ወደዚያች ነገር እንመለስ። ታንክ ውስጥ ገፊ ስለሌለ ፖምፑ ናፍጣውን የሚስበው ራሱ ነው። ስለዚህ ከታንኩ እስከ ፖምፑ ባለው መስመር ላይ ቀዳዳ ካለ፣ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ መኪናው ግን ጠዋት ሞተሪኖ ረጅም ጊዜ ሳይመታ አይነሳም፣ ከተነሳም በኋላ ይንተፋተፋል ወይም ይጠፋል። እዚህ ላይ ነው ደህና ፖምፕ የሚወርደው፤ ካንዴላ ይቀየራል፣ ባትሪ ይቀየራል፣ ኖዝል ይሞከራል፣ ጠዋት ጠዋት ያው ነው። አዲስ አበባን የመሰለ ዳገታማ ከተማ ለዚህ ነፃ መመርመሪያ ሰጥቶናል፦ ማታ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙሮ አቁሙት፣ በማግስቱ ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ። ሽቅብ ሲያድር አስቸግሮ ቁልቁል ሲያድር ወዲያው የሚነሳ ከሆነ፣ ሌሊት ናፍጣው ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው፤ የሚያስመልሰውም በቀዳዳ የገባ አየር ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት በፊልትሮና በፖምፕ መካከል ያለውን ቱቦ አውጥቶ በምትኩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ናፍጣ የሚችል ግልጽ ቱቦ መግጠም ነው። ከተነሳ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ አረፋ ቢታይ ችግር የለውም፤ ቱቦው ሲገጠም የገባው አየር ነው። ካላቋረጠ ግን ቀዳዳው ከዚያ ወደ ኋላ አለ። ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከፊልትሮው ዝቅ አድርጎ አስቀምጦ ወደ ፊልትሮው መግቢያ ማገናኘት። አረፋው ከጠፋ ጥፋቱ ከፊልትሮው እስከ ታንኩ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ካልጠፋ ፊልትሮው ራሱ ይመርመር። በፊልትሮው በኩል የተለመዱት ጥፋቶች ሦስት ናቸው። አንደኛዋ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችው የእጅ መምቻ ናት፤ ውስጧ ያለው ጎማ ሲሰነጠቅ አየር ታስገባለች። ሞተሩ ጠፍቶ እስክትጠነክር ሲመቷት ከሷ በኋላ ያለው መስመር ግፊት ያገኛል፤ ያን ጊዜ ሲሳብ የማይታየው ቀዳዳ በውጭ ያልባል። ሁለተኛው የፊልትሮው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ነው፤ የድሮው ተጣብቆ ሳይነሳ በላዩ አዲሱ ይገባል። ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል፤ በቁልፍ አይጠብቅ። ሦስተኛው ከሥር ያለው የውሃ ምልክት ሰጪ ነው፤ ከአሮጌው ፊልትሮ ወደ አዲሱ ሲዛወር ኦሪንጉ ሳይቀየር ይታሰራል።

የጎማ ቱቦ የሚሰነጠቀው ፋሸታው (የቱቦ ማሰሪያው) የነከሰበት ጫፍ ላይ ነው። ቱቦው ተርፎ ከሆነ 2 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ መመለስ ለጊዜው ያግዛል፤ መቀየሩ ይሻላል። የራዲያተር ወይም የውሃ ቱቦ አይተካውም፣ ናፍጣ ያሳብጠዋል።

በመላሹ መስመር ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ፍሳሹም ቀስ ያለ ነው። ኖዝሎቹ አናት ላይ የተዘረጋው ቀጭን ቧንቧ በአራት ዳዶ ታስሮ ከሥሩ ሮንደላ አለው። ሮንደላው ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው፤ ኖዝል በወጣ ቁጥር ካልተቀየረ ያፈሳል። አፈሰሰ ተብሎ ዳዶው ሲጠነክር ደግሞ ቧንቧው ይሰነጠቃል። ኖዝሉ እግር አካባቢ ጥቁር ጥላሸት ካለና «ጭፍ ጭፍ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ናፍጣ ጠብ አድርጉ፤ ከፈላ፣ ከሲሊንደሩ ጋዝ እየወጣ ነው፣ የኖዝሉ መቀመጫ ሮንደላም አልቋል።

ከፖምፕ ወደ ኖዝል የሚሄዱት አራት የብረት ቧንቧዎች ከ100 ባር በላይ ግፊት ይሸከማሉ። ሞተሩ እየሠራ እዚህ ጋ በጣት መዳሰስ ክልክል ነው። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ቀዶ ጥገና የሚፈልግ አደጋ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። መፈለጊያው ካርቶን ነው፤ ከቧንቧው አጠገብ ሲያንቀሳቅሱት የረጠበው ቦታ ያሳያል። የጫፍ ዳዶዎቹ 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል። በዚያ ጠብቆ ካልቆመ የቧንቧው ሾጣጣ ጫፍ ተበላሽቷልና ቧንቧው ይቀየር፤ ቴፕ ጠምጥሞ ማሰር ፋይዳ የለውም፣ ፍርፋሪው ኖዝል ይደፍናል። ቧንቧ መሐል ላይ ከተሰበረ ቧንቧዎቹን አንድ ላይ የሚይዘው ማሰሪያ ጠፍቶ እንደሆነ እዩ። ሲፈታ «ትርፍ ነው» ተብሎ የሚጣለው ያ ማሰሪያ ንዝረቱን የሚያቆመው እሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ታይቶ ደህና ከሆነ ነው ወደ ፖምፑ የምንሄደው። ነዳጅ መስጫው ዘንግ ላይ ሶፍት አድርጎ ማንሻውን በእጅ ማንቀሳቀስ፤ ከረጠበ የዘንጉ ኦሪንግ ነው። የላይ ክዳኑ ጉዋርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የማጥፊያው ሶሌኖይድ (ናፍጣ የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ኦሪንግ፣ ቧንቧዎቹ የሚታሰሩባቸው የአራቱ ጡቶች ሮንደላ ይቀጥላሉ። ከኋላ በኩል ከፖምፑ ራስ ሥር የሚረጥበው ትልቁ ኦሪንግ ከሆነ ግን መኪና ላይ እንዳለ አይከፈት፤ ውስጡ ያሉት ስፕሪንጎችና የልኬት ሮንደላዎች ቦታቸውን ከለቀቁ መሞከሪያ ማሽን ላይ ሳይወጣ አይስተካከልም። ሲወርድ የፖምፑ ገላና የሞተሩ መጋጠሚያ ላይ ምልክት ይጫር። የመግቢያውና የመላሹ ብሎኖች አይለዋወጡ፤ የመላሹ ብሎን ቀዳዳ ሆን ተብሎ የጠበበ ነው፣ የፖምፑን የውስጥ ግፊት የሚጠብቀውም እሱ ነው።

ከሁሉም የምንፈራው የፊት ዘንጉን ፓራኦሊዮ (በዘንጉ ዙሪያ ያለውን የጎማ ማሸጊያ) ነው። ናፍጣው የሚፈሰው ታይሚንግ ክዳን ውስጥ ስለሆነ ውጭ ላይ ብዙም አይታይም፤ የክዳኑን የታች ጫፍ ማሽተት፣ ክዳኑንም ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። ናፍጣ የነካው ቺንጋ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ታጥቦ አይመለስም፤ ከፓራኦሊዮው ጋር አብሮ ይቀየራል፣ ምክንያቱም ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። የኢሱዙ 4ጄኤ1 ፒክአፕ ላይ ደግሞ ያው ዓይነት ፖምፕ በጥርስ ስለሚዞር ናፍጣው ወደ ሞተር ዘይቱ ይገባል። መሬት ላይ አንድ ጠብታ የለም፤ የዘይቱ መለኪያ ግን ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። «ዘይት አይበላም» ብሎ የሚደሰት ሹፌር ዘይቱን ቢያሸተው ይሻላል።

ኦሪንግ ስትገዙ ቀለሙን አትመኑ። አንዱን ብርጭቆ ናፍጣ ውስጥ አሳድሩና ጠዋት ካልነከራችሁት ጋር አስተያዩ፤ ካበጠ ወይም ከለሰለሰ ለናፍጣ የተሠራ አይደለም።

ጋራዦችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ደረሰኙ ላይ «የፖምፕ ጥገና» ከማለት ይልቅ ያፈሰሰው ቦታ በስሙ ይጻፍ፤ የወጣው ኦሪንግና ሮንደላም በላስቲክ ተደርጎ ለባለንብረቱ ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር
የናፍጣ ፖምፕና ኖዝል ጥገና ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ