የአምሪትሳሩ ቤተ መቅደስ የሲኮች ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሕንድ በወጣው ጽሑፍ፣ ከወርቃማው ሕንፃ ፎቶግራፍ ግርጌ «የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ» የሚል አንብቤ አዘንኩ። ሕንፃው በፑንጃብ፣ በአምሪትሳር ከተማ ያለው ሃርማንዲር ሳሂብ ነው፤ ከሂንዱ የተለየ የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው የሲኮች ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ደብረ ብርሃን ሒሳብ ያስተማሩኝ ሲክ ነበሩ። የኅዳር ውርጭ ጣታችንን ባደነዘዘው ጠዋት እንኳ ጥምጥማቸው ሳይዛነፍ ይገባሉ፤ ሲጽፉ የብረት አምባራቸው ሰሌዳውን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። አንድ ቀን አራት ማዕዘን ሳሉና በየጎኑ መካከል ጠመኔውን በጣታቸው ጠረግ አደረጉት። «ይህ በር ነው» አሉን። አራት በር፣ ከየትም አቅጣጫና ከየትኛውም ወገን ለሚመጣ ሰው። ዙሪያውን ውሃ ሳሉ። የሚገባው ደረጃ ወርዶ፣ ጫማ አውልቆ፣ ራስን ሸፍኖ ነው።

ኩሬውን ያስቆፈሩት አራተኛው ጉሩ፣ ማለትም የሲኮች መንፈሳዊ መሪ፣ ራም ዳስ ናቸው። አምሪትሳር ማለት የሕይወት ውሃ ኩሬ ማለት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ጸበላችንን ያስታውሰኛል። ቤተ መቅደሱን ያሠሩት አምስተኛው ጉሩ አርጃን ሲሆኑ፣ የሲኮቹ ቅዱስ መጽሐፍ ወደ ውስጡ የገባው እ.ኤ.አ. በ1604 ነው። እ.ኤ.አ. በ1762 የአፍጋኑ ንጉሥ የአህመድ ሻህ ሠራዊት በባሩድ አፈረሰው፤ ሲኮቹም መልሰው ሠሩት። ያደነቃችሁት ወርቅ የተለበጠው ከዚያ በኋላ፣ በፑንጃቡ ንጉሥ በማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ዘመን ነው። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የሕንድ ጦር ግቢውን ሰብሮ መግባቱን በሬዲዮ ስሰማ መምህሬ አገራቸው ከገቡ ቆይተው ነበር፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለ ወርቁ ብዙ ስትጽፉ ስለ ማድ ቤቱ አንድ መስመር አልጻፋችሁም! ላንጋር የሚባለው የነጻ ማዕድ በየቀኑ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰው ምስርና ቂጣ ያቀርባል፤ ሀብታሙም ደሃውም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ተቀምጦ ይበላል። መምህራችን ይህን ሲነግሩን አንድ የመንዝ ልጅ ከኋላ «እንደ ሰንበቴ ነዋ!» አለ። ሰንበቴ ምን እንደሆነ ስናስረዳቸው ፊታቸው በራ። በቀጣዩ እሑድ ይዘናቸው ሄድን። ጠላውን አልጠጡም፤ ዳቦውን ግን ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

እርማቱ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ