የሽንኩርት ልጣጭ ቆሼ ድረስ ምን ያስኬደዋል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ኮንዶሚኒየማችን ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች ሲዘገዩ ይሸታል፣ የሚሸተው ደግሞ ፕላስቲኩ ሳይሆን ልጣጩና ትርፍራፊው ነው። በ2009 የከተማችን ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ ሲሞት አለቀስን፣ ከዛስ? አሁንም ሁሉን በአንድ ፌስታል አስሮ መጣል ነው። ታች ያሉት እማማ ግን ኮምፖስት (ከብስባሽ የሚሠራ ማዳበሪያ) የሚያዘጋጁበት የተበሳሳ በርሜል አላቸው፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ይጨምሩና በላዩ ደረቅ ቅጠል ወይ ሰጋቱራ ያለብሱታል፣ ሲረጥብ ሰጋቱራ ሲደርቅ ትንሽ ውሃ፣ አልፎ አልፎ በዱላ ማገላበጥ፣ በቃ ምንም አይሸትም! ሥጋና ዘይት ያለው ወጥ ብቻ አይገባም፣ አይጥ ይጠራላ። ኮሚቴያችን ለጥበቃ ቤት ቀለም ብር ሲሰበስብ ለበርሜል አጣ ማለት ነው? በየብሎኩ አንድ አንድ ይቀመጥልን፣ ኮምፖስቱን እኛው ለአትክልታችን እንወስደዋለን።

የጀሞ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ